በመንገድ የማይነገር ወሬ

ኢንስፔክተር ወርቅነሽ ከሆስፒታሉ ግቢ ስትደርስ ሚኒባሱ በሩ እንደተከፈተ ቆሟል። ፖርቶመጋላው ላይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች በገመድ ታስረዋል፤ የአየር መንገዱ ወረቀት ገና ከእጀታቸው አልተነቀለም። የሸዋሮቢት ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ካለች በኋላም ምሕረት አታውቅም። ቆርቆሮው ይፋጃል፤ በግቢው ያለው ሰው ሁሉ በስስ ልብስ ሆኖ ባገኘው ወረቀት ያራግባል። በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ግን አንዲት ወጣት ሴት ወፍራም ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ራሷን ከመስኮቱ አስደግፋ ተቀምጣለች። ላያት ሰው የተኛች ትመስላለች።

«ዛሬ ጠዋት ከጅዳ የገባች ናት» አለች ዶክተር ሜሮን በሩ ላይ እየተቀበለቻት። «ዙልፋ ትባላለች። ቤተሰቦቿ ሚኒባስ ተኮናትረው ቦሌ ድረስ ሄደው ተቀበሏት። እዚህ ከተማ ደርሰው ሊያወርዷት ቢቀሰቅሷት የለችም። እኔ የደም ሥሯን ከመዳሰስ በቀር አልነካኋትም።»

«ጎበዝ» አለች ወርቅነሽ።

ወርቅነሽ ሃምሳን የተሻገረች፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ የማትቸኩል ሴት ናት። በከተማው «ሰው ሲዋሻት ጆሮዋን ይበላታል» ይባላል። እሷም አታስተባብልም፤ እንዲያውም አንዳንዴ የምትጠይቀው ሰው ፊት ሆን ብላ ጆሮዋን ታካለች። አሁን ግን የሚጠየቅ አፍ አልነበረም። ወደ መኪናው ገብታ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች።

ጣቷን በሹራቡ አንገትጌ ሥር ሰደደች። ደረቅ ነው። የራሷ ሸሚዝ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል። ጋቢውን ከራስ ላይ ገለጥ ስታደርግ ደግሞ ሻርፑ ከአገጭ ሥር ዞሮ አናት ላይ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ዓይኖቿም በወጉ ተከድነዋል።

«ይህን ያሰራችሁት እናንተ ናችሁ?»

«ኧረ አይደለንም» አለች ሜሮን። «እንዲህ ሆና ነው ያገኘናት። ብርድ የፈራች መስሎኝ ነበር።»

«በሸዋሮቢት?» አለች ወርቅነሽ።

ከግቢው ውጪ ወሬው ቀድሟቸዋል። «ራሷን አጠፋች አሉ፤ ክኒን ውጣ ነው» ይላል አንዱ። «ኧረ ያ የቀድሞ እጮኛዋ ነው የበላት» ይላል ሌላው። የፖሊስ አዛዡም በስልክ ደውሎ «ሙሀሲን የሚባለውን እሰሪው፤ ቦሌ ላይ ሲጮህባት ታይቷል፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አላት። ወርቅነሽ «እሺ፣ ጣቢያ ይቆይ» ብላ ስልኳን ዘጋች። እሺ ማለትና መስማማት ለእሷ ሁለት ነገር ነው።

ሸህ አብዱረሂም መጡ። የሰፈሩ ቅሬ ዳኛ ናቸው፤ ሬሳ የሚያነሣውን፣ መቃብር የሚቆፍረውን፣ ልቅሶ የሚያስተዛዝነውን ሰው ሁሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ ወርቅነሽ፣ ጀናዛ አይቆይም። በእኛ ዘንድ መሸኘት ነው ክብሩ።»

«አውቃለሁ አባቴ። እስከ ጠዋት ብቻ ይታገሡኝ። አንድ ጊዜ አፈር ከለበሰች እኔ የምጠይቀው አይኖርም።»

ሽማግሌው የሚቆጥሩትን ሙስበሃ ለአፍታ አቆሙት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል» አሉ። «እስከ ጠዋት። ከዚያ በላይ ግን አላህንም እፈራለሁ።»

በመኪናው የነበሩት አምስት ሰዎች ናቸው፤ ጣቢያ ከተወሰደው ከሙሀሲን በቀር ሁሉም በግቢው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ወርቅነሽ አንድ በአንድ ትጠራቸው ጀመር።

መጀመሪያ የገባው ሾፌሩ ኢልያስ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን ተናጋሪ፣ እጁ አሁንም በግራሶ የተለወሰ።

«እትዬ፣ ወላሂ እኔ ሠርግ የምሄድ ነው የመሰለኝ! ሌሊት ከዚህ ተነሣን። ሀጂ አብዱልመጂድ፣ አጎቷ፣ ጋቢና ከእኔ ጋር። ከኋላ እህቷ ኑርሃን፣ ሙሀሲን፣ ጎረቤታቸው እትዬ ጣይባም ነበሩ። እሳቸውን እንኳ ሀጂ አላስቀምጥም ብለው ነበር።»

«ለምን?»

«‹ቦታ የለም› አሉ። ግማሹ ወንበር ባዶ! እትዬ ጣይባ ግን በሩን ይዘው ‹ልጄን ያየች ልጅ ስትመጣ ቤቴ አልቀመጥም› ብለው ገቡ።»

«ከቦሌ ስትመለሱስ?»

«ሸኖ ላይ ቅቤ እንግዛ ብለው ቆምን። ዙልፋ ወርዳ ከመኪናው ጎን ቆማ ስልክ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። ሀጂ መስኮታቸውን እስከ መጨረሻ አወረዱት። ‹ኧረ ሀጂ፣ ብርዱ ገደለን!› ብላቸው እንኳ አልሰሙኝም።»

ወርቅነሽ ቀና አለች። «የቆላ ሰው፣ ሸኖ ላይ መስኮት አወረደ?»

«ገርሞኝ ነበር። ደብረ ብርሃን ምሳ በላን፤ ከዚያ ጣርማ በር ላይ ጉሙ ዓይን ቢያሳጣኝ ከዋሻው በፊት ቆምኩ። ቁልቁለቱን ከመጀመሬ በፊት ፍሬኔን ሳላይ አልወርድም። ተኝቼ ከጎማው ሥር ገባሁ፤ ሙሀሲን በስልኩ መብራት አበራልኝ። ሴቶቹ ተያይዘው ወደ ድንጋዩ ጀርባ ለጉዳያቸው ሄዱ። መኪናው አንዴ ወዝወዝ ሲል ሰው የገባ መስሎኝ ‹ቀስ! እኔ ከሥር ነኝ!› ብዬ ጮህኩ።»

«ማን ነበር የገባው?»

«ጉም ነው እትዬ፤ የራሴን እጅ እንኳ አላይም።»

ቀጥላ ኑርሃን ገባች፤ የዙልፋ ታናሽ እህት፣ ገና ሃያ ያልሞላት፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ሳትቀመጥ። «የመኪና ክኒን ሰጠኋት። ቁልቁለቱ ያጥወለውላታል ብዬ፣ ደብረ ብርሃን ላይ። ስትውጠው ወዲያው እንቅልፍ ጣላት።»

«ክኒኑ አይደለም የገደላት። ተቀመጪ የኔ ልጅ፣ ውኃ ጠጪ። ቦሌ ላይ ምን ተባባላችሁ?»

ኑርሃን ውኃውን በሁለት እጇ ያዘች። «ተቃቀፍን፣ ሳቅን፣ አለቀስን። እኔም በመጪው ወር እንደምሄድ ነገርኳት፤ አጎታችን ጉዞዬን ጨርሶልኛል። ‹እኔም ኢንሻ አላህ እንደ ሰሊማ ይቀናኛል› አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ‹እንደ ማን?› አለችኝ። ‹እንደ እትዬ ጣይባ ልጅ!› አልኳት። ከዚያ ወዲያ እስከ ሸኖ አልተናገረችም።»

«ደብረ ብርሃን ላይስ?»

«አጎቴ ለብቻዋ ወሰዳት። ስትመለስ አልቅሳለች። ‹ስለ ሟች እናታችን አንሥተን ነው› አለኝ እሱ።»

«ጣርማ በር ስትወርዱ ሻርፗ እንዴት ነበር?»

ልጅቷ አሰበች። «ትከሻዋ ላይ ወድቆ ነበር። አፏን ከፈት አድርጋ ታንኮራፋ ነበር፤ ከእትዬ ጣይባ ጋር ሳቅንባት። ስንመለስ ግን ሻርፑ አገጯ ሥር ታስሮ ጋቢው ላይዋ ላይ ነው። ‹አጎቴ አለበሳት› ብዬ ደስ አለኝ።» ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልትገዛ እንደወረደች፣ ከዚያም እህቷን ላለመረበሽ ከእትዬ ጣይባ ጎን እንደተቀመጠች፣ ሙሀሲንም ከዙልፋ አጠገብ እንደተቀመጠ ጨምራ ነገረቻት። ከደብረ ሲና በታች ሙቀቱ ሲጀምር ሁሉም ልብሱን እያወለቀ መስኮት ከፍቷል። የዙልፋ መስኮት ብቻ ሳይከፈት ቀረ።

ሙሀሲንን ጣቢያ ሄዳ ነው ያነጋገረችው። ለዙልፋ ታጭቶ የነበረ፣ ሽንኩርት የሚያለማ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ራሱን በእጆቹ ይዞ ተቀምጧል።

«ጮኼባታለሁ» አለ። «ስድስት ዓመት የጠበቅኋት እኔ፣ ‹ዛሬ ስለ እኛ አላወራም፤ ነገ ከባድ ነገር አለብኝ› ስትለኝ ያዋረደችኝ መሰለኝ።»

«ከደብረ ሲና በኋላስ አጠገቧ ለምን ተቀመጥክ?»

«ይቅር በይኝ ልላት። አልኳትም። እስከ አርማንያ ድረስ ቀስ እያልኩ ለመንኳት። ‹እሺ አትመልሺልኝ፣ ግን ስሚኝ› እያልኩ። ዝም ስትለኝ የጨከነችብኝ መስሎኝ...» ቀና ብሎ አያት። «እትዬ፣ ሬሳ ነበር የምለምነው?»

ወርቅነሽ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ ወጣች።

ሀጂ አብዱልመጂድ ሲመጡ ግን ሁሉም ነገር ረጋ ያለ ነበር። የማሾ ነጋዴ፣ የመስጊዱ ሽማግሌ፣ ጺማቸው የተስተካከለ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላም ያልቆሸሸ። ወርቅነሽ ተነሥታ ወንበር ሰጠቻቸው።

«ያሳደግኋት ልጅ ናት» አሉ። «ለደጋው ብርድ ጋቢ ይዤላት የሄድኩ እኔ ነኝ።»

«ጣርማ በር ላይ ሀጂ የት ነበሩ?»

«ፈንጠር ብዬ ለሶላት ውዱእ አደርግ ነበር።»

«ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት ያዩዋትስ?»

«ደብረ ሲና። በመስኮት ውኃ ሰጠኋት። ጠጥታ ‹አልሃምዱሊላህ፣ የአገሬ ሙቀት!› አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያ ልጅ አጠገቧ የተቀመጠው።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «የሰው ክፉ አላወራም፤ አንቺው ታውቂያለሽ።»

ወርቅነሽ ጆሮዋን አከከች። ሀጂ ግን የከተማውን ቀልድ ሰምተው አያውቁም፣ ወይም ረስተውታል።

የመጨረሻዋ እትዬ ጣይባ ናቸው። ጠይም፣ አጭር፣ እጃቸው በማሾ ለቀማ የሻከረ ባልቴት። ሲቀመጡ ከአንገታቸው የተንጠለጠለ ቁልፍ ጡታቸው ላይ ተወዛወዘ።

«የኔ ሰሊማ ከዙልፋ ጋር ነው የወጣችው፤ በአንድ ሌሊት፣ በዚያው በበረሃው መንገድ» አሉ። «የሰው ቤት ስለምትሠራ ስልክ አይሰጧትም አሉኝ። ሰላምታዋ ግን ይመጣልኛል። ሀጂ አብዱልመጂድ ናቸው ከዚያ ካሉ ሰዎች እየሰሙ የሚነግሩኝ፤ አላህ ይስጣቸው። የሰሊማን መቃናት ሰምቶ ስንቱ ጎረቤት ልጁን በእሳቸው በኩል ሰደደ!»

«ዙልፋን ስለ ሰሊማ ጠየቋት?»

«ኧረ ምነው አልጠይቃት! ገና ከበሩ ስትወጣ ‹ሰሊማስ?› አልኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። ‹እትዬ ጣይባ፣ ቤት ስንገባ እናወራለን› አለችኝ። ደክሟት ነው ብዬ ተውኳት። እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ እጄን ይዛ እየሳመችው ነበር።» ባልቴቷ ወደ ወርቅነሽ ጠጋ አሉ። «አሁን ማንን ልጠይቅ? ልጄን በዓይኗ ያየች እሷ ብቻ ነበረች። የዙልፋ ሞት አንገብግቦኛል፤ ግን አልዋሽሽም ልጄ፣ ‹ወሬዬን ይዛብኝ ሄደች› ነው የምለው። ሰሊማ ደህና ናት? ይህቺን ብቻ አግኝልኝ።»

ወርቅነሽ ነገሩን በልቧ አሰላችው። ደስታ ቢሆን ቦሌ በር ላይ በእልልታ ይነገር ነበር፤ ደህና የሆነች ልጅ ወሬ ቤት እስኪገባ አይቆይም። መንገድ ላይ የማይነገር አንድ ወሬ ብቻ ነው ያለው። እሱን ደግሞ ባልቴቷም ያውቁታል፤ ግን ስድስት ዓመት ሰላምታ የመጣለት ሰው እንዴት ያስበዋል?

«ይህ ቁልፍ የምንድን ነው እትዬ?» አለች።

«የቤቴ ነው። ሁለት ነበር። አንዱን ሰሊማ ይዛው ሄዳለች። ‹እማ፣ ስመጣ ራሴ ከፍቼ እገባለሁ፤ ጓጉንቸሩን እንዳትቀይሪው› ብላኛለች። ዛገብኝ፣ ግን አልቀየርኩትም።»

አመሻሹ ላይ ሜሮን ምርመራዋን ጨርሳ መጣች። «ታፍና ነው የሞተችው። ከንፈሯ ከውስጥ በጥርሷ ተቆርጧል፤ የጋቢው ጥጥ አፍንጫዋ ውስጥ አለ። ክኒኑ አዳክሟታል፤ ብዙም አልታገለችም። የሞተችበትን ሰዓት ግን አልምልልዎትም፤ ይህ ሙቀት ሬሳን ያሳስታል።»

«ሰዓቱን ሻርፑ ነግሮኛል» አለች ወርቅነሽ። ከዚያ የዙልፋን የእጅ ቦርሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ቅባት፣ ቸኮሌት፣ ፓስፖርት። ከሥሩ በነጭ ጨርቅ የተሰፋ ትንሽ ነገር። ስፌቱን ስትተረትረው መዳፏ ላይ የወደቀው የዛገ የጓጉንቸር ቁልፍ ነው።

ጣይባ ልቅሶ ቤት፣ ኑርሃን ዘንድ እንደነበሩ ስለምታውቅ ወደ ቤታቸው ብቻዋን ሄደች። ቁልፉን አስገብታ አዞረችው። ትንሽ አንገራገረና ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ወርቅነሽ እንደ ሌባ ተሸማቅቃ መልሳ ቆለፈችው። ከዚያ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ፖሊስነቷን የሚያይባት ሰው አልነበረም።

ሸህ አብዱረሂምን መስጊድ በር ላይ አገኘቻቸው። «ዙልፋ ከሸኖ የደወለችው ለእርስዎ መሆኑን ስልኳ ላይ አይቻለሁ። ምን አለችዎ?»

ሽማግሌው ዙሪያቸውን አዩ። «‹ነገ ከሱብሂ በኋላ ቅሬውን ጣይባ ደጅ ሰብስቡልኝ። ምክንያቱን በስልክ አትጠይቁኝ› ነው ያለችኝ። ገባኝ። መጠየቅም አያስፈልገኝም ነበር። ግን እንዴት እንደሆነ፣ የት እንደሆነ አላውቅም።»

«ሰብስቡልኝ እንግዲህ። እንዳለችው።» ድምፅዋ ሻከረ። «ሸህ፣ በዚህ መርዶ ላይ አንድ ወጥመድ አለኝ። በእናት ዕንባ ወጥመድ ማጥመድ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። እርስዎ አይሆንም ካሉኝ እተወዋለሁ።»

«መርዶው አይቀርም» አሉ ሽማግሌው። «አንቺ ላይ ኃጢአት ካለ እኔም እካፈለዋለሁ።»

ሱብሂ እንደተሰገደ የጣይባ ደጅ በሰው ሞላ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ምንም የማይናገሩ ወንዶች። ጣይባ ከልቅሶ ቤት በኑርሃን ተደግፈው ሲመጡ ይህን ሕዝብ ከተቆለፈው ቤታቸው ፊት ቆሞ አዩት። በጠዋት፣ ሳይጠራ፣ በዝምታ የመጣ ሕዝብ ምን ይዞ እንደሚመጣ በይፋት አገር የማያውቅ የለም። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እንዲያው ምነው... ምነው ወገኖቼ... የዙልፋ ቤት እኮ እዚያ ነው» አሉ።

ሙሀሲን በሁለት ፖሊሶች መሐል ቆሟል፤ ኢልያስም አለ። ሀጂ አብዱልመጂድ ከሽማግሌዎቹ ፊት ናቸው። የታሰረውን ልጅ ሲያዩ ፊታቸው ለስለስ አለ።

«እትዬ ጣይባ» አለች ወርቅነሽ ከጎናቸው ተንበርክካ፣ «ዙልፋ ቤት ገብተን እናወራለን ያለችዎት ይህንን ነው። ሰሊማ የለችም።»

ከባልቴቷ የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይመስልም ነበር። ሴቶቹ ተቀበሏቸው፤ ደጁ በጩኸት ተናወጠ። ሸህ አብዱረሂም «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ሽማግሌዎቹ በየተራ እየቀረቡ «አብሽሪ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይላሉ። ተራው ሀጂ አብዱልመጂድ ላይ ደረሰ። ዝም ማለት አይቻልም፤ ሁሉም የሚያየው እሳቸውን ነው። ጎንበስ አሉ።

«አብሽሪ ጣይባ፣ እህቴ። ውኃ የበላው ሸሂድ ነው። ልጅሽ ጀነት ናት።»

ወርቅነሽ ተነሣች። «ሀጂ፣ ውኃ በላት ያለዎት ማነው?»

ሀጂ ካጎነበሱበት ቀና አሉ።

«እኔ የለችም ብቻ ነው ያልኩት። በረሃ ይሁን፣ ባሕር ይሁን፣ በሽታ ይሁን እኔ ራሴ አላውቅም። ሸህም አያውቁም። የምታውቀው ዙልፋ ነበረች፤ እሷ ሞታለች።»

«መንገዱ... የሚያልፈው በባሕር ስለሆነ ነው» አሉ ሀጂ። «ግምት ነው።»

«እስከ ትናንት ድረስ ሰላምታዋን ያመጡ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? በአንድ ሌሊት እንዴት ባሕር አስገመተዎት?» ወርቅነሽ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «እኔ ከትናንት ጀምሮ ያየሁትን ልናገር። ዙልፋ እዚህ ስትደርስ በዚህ ሐሩር ሹራብና ጋቢ ለብሳ ነበር። የቆላ ልጅ ናት፤ ከጣርማ በር በታች ማን ነው ጋቢ ለብሶ መስኮት ዘግቶ የሚተኛ? እሺ፣ ክኒኑ አስተኝቷት ነው እንበል። የተኛ ሰው ግን ያልበዋል። አንገትጌዋ ደረቅ ነበር። የሞተ ሰው አያልበውም። ስለዚህ ሙቀቱ ሳይደርስ፣ እዚያው ደጋ ላይ ሞታለች።»

«የቆማችሁት ጣርማ በር ላይ ነው» አለች ቀጥላ። «ኢልያስ ከጎማው ሥር፣ ሙሀሲን መብራት ይዞለት። ኑርሃንና እትዬ ጣይባ ተያይዘው ከድንጋዩ ጀርባ። ብቻውን የነበረ አንድ ሰው ነው። ኢልያስ፣ መኪናው ተወዛወዘ አላልክም?»

«ወላሂ ተወዛውዟል» አለ ኢልያስ፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

«ደብረ ሲና ላይ ውኃ ጠጥታለች!» አሉ ሀጂ። «በዓይኔ አይቻለሁ!»

«አገጯ ታስሮ? ኑርሃን ከጣርማ በር ጀምሮ ሻርፑ አገጯ ላይ ታስሮ አይታዋለች፤ እኛም ሳይፈታ አገኘነው። በታሰረ አፍ ውኃ አይጠጣም ሀጂ። ዕለቱን ሙሉ ያሳሰበኝ ቋጠሮው ነው። ገዳይ የገደለውን ጥሎ ይሄዳል። ይህ ግን ዓይኗን ከድኖ፣ አገጯን አሰረ፤ እንደ ወጉ። የገዛ ሥጋዋ ነው፤ ፀጉሯን ገልጦ ለማሰር ያላፈረ፣ አፏ ተከፍቶ እንዳይቀር ግን ያፈረ። ኑርሃን ‹አጎቴ አለበሳት› ብላ ደስ ብሏት ነበር።»

ኑርሃን እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። «አጎቴ?» አለች።

ያን ጊዜ ነው ሀጂ አብዱልመጂድ ያረጁት። መሬት ላይ ተቀመጡ። ነጩ ጀለቢያ አፈር ነካ።

«ሰሊማ የሞተች ጊዜ ዙልፋ በስልክ ነገረችኝ» አሉ። «‹ለእናቷ በስልክ አይሆንም፤ አንተው በወጉ አርዳልኝ› አለችኝ። እሺ አልኳት። አረዳኋት አልኳት። ትናንት ቦሌ ላይ ጣይባ እየሳቀች ‹ሰሊማስ?› ስትላት... ደብረ ብርሃን ላይ ለመንኳት። አንድ ቀን ብቻ ዝም በይልኝ፣ እኔው ቀስ ብዬ እነግራታለሁ አልኳት። ‹ኑርሃንንም ልታሰምጣት ነው› አለችኝ። ይህን ለከተማው ከተናገረች...»

«ስድስት ዓመት ቀስ ብለዋል» አለች ወርቅነሽ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንጂ ድል አልነበረም።

ጣይባ ከሴቶቹ እጅ ተላቀው ቆሙ። የሚያዩት ሀጂን ነው።

«አብዱልመጂድ» አሉ፣ ሀጂ ሳይሉ። «ባለፈው ዒድ ‹ሰሊማ ሻሽ ልትልክልሽ ነው› ብለኸኝ ነበር። ቤቴ ገብተህ በላህ። እኔ ደግሞ ሻሹን ስጠብቅ... ቀለሙን እያሰብኩ ነበር።»

ሀጂ ቀና ብለው አላዩዋቸውም፤ ፖሊሶቹ የሙሀሲንን እጅ ፈትተው እሳቸውን አነሡ። ከሕዝቡ መሐል አንዱ ድንጋይ ሊያነሣ ሲል ሸህ አብዱረሂም ክንዱን ያዙት። «ዛሬ ሁለት ሶላት አለብን» አሉ፣ ዕንባቸው በጺማቸው እየወረደ። «አንዷ እዚህ ካለችው ላይ፣ አንዷ ከራቀችው ላይ። ተዉት።»

ሰው ሁሉ ቤት ገብቶ ሊቀመጥ በሩ ላይ ተጠጋ። ጣይባ እንደ ልማዳቸው ከአንገታቸው ቁልፋቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ሰደዱ። ወርቅነሽ ቀደም ብላ ሌላውን ቁልፍ፣ የዛገውን፣ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«ዙልፋ ይዛልዎት መጥታ ነበር» አለች። «ጨርቅ ውስጥ ሰፍታው።»

ባልቴቷ ቁልፉን ገልበጥ አድርገው አዩት። አወቁት። ለረጅም ጊዜ ጓጉንቸሩ ፊት ቆሙ፤ ኑርሃን ልታግዛቸው ስትጠጋ በክርናቸው መለሷት።

«ራሷ ልትከፍተው ነበር የወሰደችው» አሉ።

አስገብተው አዞሩት። አንገራገረና ተከፈተ። ጣይባ በሩን በሁለት እጃቸው ገፉት፤ ከዚያም ከደጁ ላለው ሕዝብ ዞር ብለው፣ ለእንግዳ እንደሚባለው፣

«ግቡ» አሉ። «ሰሊማ መጥታለች፤ ግቡ።»